ለክርስትናው የቀቀልኩት እንቁላል

እንቁላል መቀቀል ምን አለው፣ ውኃ ጥዶ መጠበቅ አይደለም ወይ የምትሉ ሁሉ እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። እኔም እንደናንተው ነበርኩ። እንዲያውም ከናንተ ብሼ ነበር፤ ምክንያቱም እኔ የጋፋት ሰው ነኝ። ንጉሡ ከደብረ ታቦር አለፍ ብሎ ጋፋት ላይ ባቆሙት የብረት ማቅለጫ ቤት ወናፍ ነፊ ነበርኩ። ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ሲሄድ እኔ ከእሳት ጋር ፊት ለፊት ተፋጥጬ እውላለሁ። ቅንድቤ ሁለት ጊዜ ነዶ ሁለት ጊዜ በቅሏል። ናስ እንደ ሽሮ ሲንተከተክ አይቻለሁ። ታዲያ እንዲህ ያለው ሰው፣ ዶሮ የጣለችውን ነገር ማብሰል ያቅተኛል ብሎ እንዴት ያስባል?

አቃተኝ፣ እናንተዬ! ያውም በስንት ጣጣ።

ነገሩ የሆነው የመጀመሪያ ልጃችን ክርስትና ሊነሳ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ባለቤቴ ውብነሽ አራስ ናት፤ ከመጋረጃ ወዲያ ልጇን ታቅፋ ተኝታለች። ውብነሽን እወዳታለሁ። የገዛ ሚስትን እወዳታለሁ ብሎ በአደባባይ ማውራት ነውር ነው ይሉኛል፤ ይበሉ፣ እኔ አወራለሁ። ልጁንማ ተዉት። ሲያዛጋ ከእግር ጣቱ ጀምሮ ነው የሚያዛጋ። አውራ ጣቴን አንዴ ከያዘ አይለቅም፤ እኔም አላስለቅቅም፣ ሥራ ፈትቼ እንደተያዝኩ እውላለሁ።

ችግሩ እናቷ ናቸው። እሜቴ አስካለ የጉና ሥር ሰው ናቸው። ሰፊ እርሻ፣ ብዙ በግ አላቸው፣ ሳቅ ግን የላቸውም። ሠርጋችን ዕለት ከሰው ሁሉ ፊት ቆመው፣ «ልጄን ያሳደግኋት እርፍ ለሚጨብጥ ነበር፤ ለእሳት ነፊ ሆነች» ብለው የተቀመጡ ሰው ናቸው። ልጁ ሲወለድ ደግሞ በገበያተኛ መልእክት ላኩብኝ። «ለክርስትናው እመጣለሁ። ልጄን ከስታ፣ ቤቷንም ተጎሳቁሎ ካገኘሁ እሷንም ሕፃኑንም ይዤ ወደ ጉና እወጣለሁ። ልጁ ጡት እስኪጥል ከኔ ዘንድ ናቸው።»

ጡት እስኪጥል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሁለት ዓመት ነው። ልጁ የኔን ሆድ የያዘ እንደሆነማ ሦስትም ይሆናል። ይህን ከሰማሁ ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። እሳቸው ያሉትን ከማድረግ የሚመልሳቸው ሰው ደግሞ ከጉና እስከ ጣና አልተፈጠረም።

ቢሆንም ድግሱን እትዬ ዘነቡ ይዘውልኝ ስለነበር ልቤ ትንሽ አርፎ ነበር። እትዬ ዘነቡ የግድግዳ ጎረቤታችን ናቸው፤ መንደሩ ውስጥ ያለ እሳቸው ትእዛዝ ወጥ አይወጠወጥም። ዓርብ ጧት ግን ከወንዝ ማዶ መርዶ መጣ። የመንደሩ ሴት ሁሉ፣ እትዬ ዘነቡ ከፊት ሆነው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለለቅሶ ወጡ። ለቅሶ አይቀርም፤ ዛሬ የቀረ ነገ ማን ይደርስለታል? ወንዱም ተከተለ። እኔ ብቻ አራስ አለችብኝ ተብዬ መንደር ጠባቂ ሆኜ ቀረሁ።

እትዬ ዘነቡ ከበር ተመልሰው ጣታቸውን ቀሰሩብኝ።

«ቁሌቱ በስሎ ተቀምጧል። ዶሮው ነገ ጧት ይታረዳል። አንተ እንቁላሉን ብቻ ቀቅለህ፣ ልጠህ ጠብቀኝ። ሃያ ነው፣ ከጤፉ ጋን ውስጥ ቀብሬዋለሁ። ሌላ ምንም እንዳትነካ!»

«እትዬ፣ እኔ እኮ ናስ የማቀልጥ ሰው ነኝ።»

«እሱን አይደል የፈራሁ» ብለውኝ ሄዱ።

እዚህ ላይ ስለ እንቁላል አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ወንዶች ሆናችሁ የማታውቁ ካላችሁ። የዶሮ ወጥ ሲቀርብ እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው እንቁላሉን ነው። ሥጋው ቢጠነክር ዶሮዋ አርጅታ ነው ይባላል። ወጡ ቢቀጥን እንግዳው በዝቶ ነው ይባላል። እንቁላሉ ተቦጫጭቆ ከወጣ ግን ማንም ሰበብ አይፈልግም፤ የዚህ ቤት ሴት ሙያ የላትም ተብሎ ያልቃል። ያውም የመጀመሪያውን እንቁላል የሚያነሱት የክርስትና አባት ናቸው፤ ከጎናቸው የሚቀመጡት ደግሞ እሜቴ አስካለ! ስለዚህ ያ ሃያ እንቁላል እንቁላል አልነበረም፤ ሚስቴና ልጄ ነበሩ።

ውብነሽ እንዳታግዘኝ፣ አራስ ልጇ ክርስትና ሳይነሳ ለእንግዳ የሚቀርብ ነገር በእጇ አትነካም፤ ደንብ ነው። አፏን ግን ደንቡ አልከለከለውም።

«አገኙት?» አለችኝ ከመጋረጃው ወዲያ። እንደ አገሩ ወግ አንቱ ትለኛለች፤ ስትቆጣኝ ደግሞ አንቱታው ይጠነክራል።

ከጋኑ አንዱን አውጥቼ የጤፉን ትቢያ አራገፍኩና አሸተትኩት። «ይሄ ስንት ቀኑ ነው?»

«አንዳንዱ ሦስት ሳምንት ይሆነዋል። ምን አገባዎት፣ የተባሉትን ይሥሩ።»

ሦስት ሳምንት! ለልጄ ክርስትና፣ ለእሜቴ አስካለ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጤፍ ውስጥ የተኛ እንቁላል! ደሜ ፈላ። እንግዳዬን የሚያኮራ ትኩስ እንቁላል አቀርባለሁ አልኩ። ለውብነሽ ትንፍሽ አላልኩም፤ እንዲህ ያለውን ብልጠት አስቀድመው ከነገሩት ያስከለክላል።

የጤፉን እንቁላል በቅርጫት ይዤ ወጣሁ። መንደሩ ጭር ብሏል፤ ዶሮዎቹ ብቻ ቀርተዋል። በየጎረቤቱ ጓሮ እየገባሁ፣ ዶሮዎቹ ከሚጥሉበት ጭድ ላይ ትኩስ ትኩሱን አንስቼ፣ በምትኩ የኔን አሮጌ እየተካሁ ዞርኩ። አንድ ወስጄ አንድ እተካለሁ፤ ሌባ አይደለሁማ። ለብ ያለውን እንቁላል በጉንጬ እየነካሁ ስመርጥ ራሴን በጣም አደነቅሁት። ከእትዬ ዘነቡ ጓሮ ያነሳኋት አንዷ ብቻ ቀለል አለችኝ። ቀላል መሆኗ የትኩስነቷ ምልክት መሰለኝና ከሁሉ በላይ አስቀመጥኳት።

ለካ እሷ፣ ዶሮዋ የምትጥልበትን ቦታ እንዳትረሳ ተብሎ ከባለፈው ዓመት ጀምሮ ጭዱ ላይ የተተወች እንቁላል ኖራለች። ይህን እኔ በምን ልወቅ? ዶሮዋም አልነገረችኝ።

ቤት ገብቼ ድስቱን ጣድኩ። ድስቱ እሜቴ አስካለ ለልጃቸው ጎጆ መውጫ የሰጡት፣ ከጉና ሥር በሰው ጀርባ የመጣ ትልቅ የሸክላ ድስት ነው። ኩበቱን አቀጣጠልኩ። ኩበት ታውቃላችሁ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚነድ፤ የጋፋት ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ እሳት ያስቀዋል። ከሥራ ቤት ያረጀች ትንሽ ወናፍ ተጥላ አግኝቼ ቤቴ ሰቅያት ነበርና አወረድኳት። ሁለት ሦስቴ ስነፋ ነበልባሉ ድስቱን አልፎ ጣራውን ሊልስ ደረሰ። ውኃው ገነፈለ። ደስ አለኝ። እሳት ማለት እንዲህ ነው አልኩ።

«ምንድን ነው የሚያንኳኳው? ሰው መጣ እንዴ?» አለች ውብነሽ።

«እንቁላሉ ነው።»

«እንቁላል ያንኳኳል እንዴ?»

ያንኳኳል። ሃያው እንቁላል ድስቱ ውስጥ እርስ በርሱ ይጋጫል፣ ይዘላል፣ ይወርዳል። ወዲያው ነጭ ነጭ ክር ከውኃው በላይ መንሳፈፍ ጀመረ። አራት ያህሉ ተሰነጣጥቆ ሆዱን እያፈሰሰ ነበር።

«እሳቱን ይቀንሱ! ከፈላ በኋላ ሠላሳ አቡነ ዘበሰማያት ይድገሙ፤ ያኔ ይበስላል» አለችኝ።

ቆምኩና ደገምኩ። ሠላሳውን ስጨርስ ከመጋረጃው ወዲያ ሳቅ ሰማሁ።

«ጸሎት ነው ወይስ ጅብ እያባረረዎት ነው? እንደ ሰው ቀስ ይበሉ እንጂ! የኛ የደጋ ውኃ መፍላቱ ላይ ፈጣን ነው እንጂ ማብሰሉ ላይ ሰነፍ ነው። እናቴ ዘንድማ ጉና ላይ ስልሳ ይደገማል።»

እንደገና ጀመርኩ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ስደርስ ከድስቱ ውስጥ «ጧ!» የሚል ነገር ተሰማ። ውኃ ፊቴ ላይ ተረጨ። ከዚያ ሽታው መጣ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ዓይን ያስለቅሳል። ያቺ ቀላሏ፣ ያቺ ከሁሉ በላይ ያስቀመጥኳት፣ ፈንድታለች።

«ምን ሞተ?» አለች ውብነሽ። ልጁ አነጠሰ።

«ምንም አይደል፣ ቅመም ነው።»

«ለእንቁላል ቅመም! አንቱ ሰውዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

አንቱ ሰውዬ ከተባልኩ ጊዜ የለኝም ማለት ነው። ውኃውን ደፍቼ፣ እንቁላሉን አጥቤ፣ ሌላ ውኃ ጥጄ፣ እንደ መምህር ረጋ ብዬ ሠላሳውን ደገምኩ። አንዱን በጭልፋ አውጥቼ መታ መታ አድርጌ ቅርፊቱን ከፈት ሳደርገው፣ ግማሹ ፈሶ በእጅጌዬ ገባ። ሌላ አሥር ጨመርኩ። አሁን የበሰለ መሰለኝ፤ ግን በምን ልወቅ? ቀኑ ዓርብ ነው። የዓርብ ጾመኛ ሆኜ እንቁላል ልቀምስ ነው?

«ወዲህ ያምጡት» አለች ውብነሽ። እውነትም አራስ ጾም የለባትም! አቀበልኳት። ከመጋረጃው ወዲያ ስታኝክ ሰማሁ። «በስሏል» አለች አፏ ሞልቶ።

ጮቤ ረገጥኩ። ከዚህ በኋላ መላጥ ብቻ ነው፤ መላጥ ደግሞ ምን አለው?

ሁለተኛውን አንስቼ ቅርፊቱን ስስበው ነጩ አብሮ መጣ። በሌላው ጎን ስስበው ከዚያም መጣ። ቅርፊትና ነጭ ተማምለው የተጣበቁ ይመስል አንዱ ያለ አንዱ ንቅንቅ አልል አለ። ልጬ ስጨርስ እጄ ላይ የቀረው ፈንጣጣ የቦረቦረው አንድ ነገር ነው። ይሄን ለክርስትና አባት አቀርባለሁ? ለውብነሽ ሰጠኋት፣ በላችው። ሦስተኛውን በጥፍሬ ሞከርኩ፣ ተቦጨቀ፣ በላችው። አራተኛውን በካራ ሞከርኩ፣ ለሁለት ተከፈለ፣ በላችው። አምስተኛው ላይ ላብ አጠመቀኝ፣ እሷ ጨው ጠየቀች።

«ይሄኛው ከፊተኛው ይሻላል» ትለኛለች፣ ልታጽናናኝ። «ይበርቱ። ትንሽ ቢቀረው ነው እንቁላል የሚመስለው።»

በኔ እየሳቀች እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ስትስቅ ልጁ በሆዷ ላይ ከፍ ዝቅ ሲል በመጋረጃው ክፍተት እያየሁ፣ እኔም ነገሬን ሁሉ ረስቼ አብሬ ሳቅሁ። ወዲያው የእናቷ ነገር ትዝ ሲለኝ ሳቄን ትቼ ስድስተኛውን አነሳሁ። ነገ በዚህ ሰዓት ይህ መጋረጃ ተጠቅልሎ፣ ይህ አልጋ ባዶውን ሊቀር ይችላል።

ወናፍ አለችኝ አይደል? ቅርፊቱን በስታ ነፋስ ብታስገባ ከነጩ ትለየዋለች አልኩ። የአንዱን እንቁላል አናት ሰበር አድርጌ የወናፏን አፍ ደገንኩና በሙሉ ጉልበቴ ተጫንኩ። እንቁላሉ ከእጄ በርሮ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ለራሳቸው ለንጉሡ ቢነገራቸው አያምኑም።

በመጨረሻ የጋፋት ጥበብ ሁሉ አንድ ላይ መጣችልኝ። የጋለ ብረት ድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ ላዩ ላይ ያለው ቅርፊት ተራግፎ ይወድቃል። በዓይኔ አይቻለሁ። ብረት ቅርፊቱን ካራገፈ እንቁላል ምን ቆርጦት ነው የማያራግፈው? የቀሩት እንቁላሎች ገና ድስቱ ውስጥ ናቸው፤ እሳቱን በወናፍ አንድ ጊዜ አጋልኩት፣ ውኃው አልቆ ድስቱ ራሱ ሊነድ ሲደርስ፣ ከእንስራው የሌሊት ብርድ ያደረበትን ውኃ አንስቼ ቸለስኩበት።

ሸክላ ብረት አይደለም። ድስቱ «ቀጭ» ብሎ ለሁለት ተከፈለ። ውኃው እሳቱ ላይ ወረደ፣ አመዱ ጭቃ ሆነ፣ ጭሱ ቤቱን ሞላው፣ እንቁላሎቹም በአመድ ጭቃ እየተንከባለሉ በየጥጉ ገቡ። በአራት እግሬ ሄጄ ለቀማ ያዝኩ። ጢሜ ላይ ቅርፊት፣ ፊቴ ላይ አመድ፣ እጅጌዬ ውስጥ አስኳል፣ አየሩ ላይ የዚያች የፈነዳችው ሽታ። በዚህ ሁኔታ ላይ እያለሁ ነው ከደጅ ድምፅ የሰማሁት።

«ቤቶች!»

እሜቴ አስካለ ለነገ የተጠበቁት ዛሬ መጡ። ከጭሱ ማዶ በር ላይ ቆመው፣ ነጠላቸውን በአፍንጫቸው ላይ ይዘው አዩኝ። ከኋላቸው ሁለት በቅሎ ቆሟል። አንዷን ራሳቸው መጥተውባታል፤ ሌላዋ ኮርቻ ተጭና ባዶዋን ነች። ኮርቻው ላይ ለአራስ የሚሆን ወፍራም በርኖስ ተነጥፎበታል። ይህን ሳይ የለቀምኩት እንቁላል ሁሉ ከእጄ ተመልሶ አመዱ ውስጥ ገባ።

«ዘነቡስ?» አሉ።

«ለቅሶ ሄደዋል፣ እሜቴ።»

«ሌሎቹ ሴቶችስ?»

«ለቅሶ።»

«አንተ ወንዱ ማጀት ውስጥ ምን ትሠራለህ?»

«እንቁላል ነው፣ እሜቴ።»

ዓይናቸው ጉልቻው ላይ አረፈ። «ያ ድስት የኔ ነው?»

«ነበር፣ እሜቴ።»

በአጠገቤ አልፈው ወደ መጋረጃው ገቡ። እኔ በተንበረከክሁበት ቀረሁ። ሲሳሳሙ ሰማሁ። ከዚያ ልጃቸውን አገላብጠው እያዩ እንደሆነ ገባኝ።

«በልተሻል?»

«በልቻለሁ፣ እምዬ።»

«ምን በላሽ?»

«እንቁላል።»

«ስንት?»

ውብነሽ አመነታች። «ዘጠኝ።»

«ዘጠኝ! በአንድ ቀን?»

«እሳቸው ሲልጡ እየተበላሸባቸው፣ እኔ ደግሞ ሲሰጡኝ እምቢ ማለት አሳዝኖኝ። አዘውትረው እንደዚህ እንዳይመስልሽ፣ ሌላ ቀንማ ገንፎ ነው የሚያመጡልኝ። ያሯል፤ ግን ቅቤው ብዙ ነው።»

የእኔን ገንፎ መናገር ምን አስፈለጋት? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሜቴ አስካለ ግን ሲወጡ ፊታቸው ያው ነበር። ኩታቸውን አውልቀው ወንበር ላይ አስቀመጡ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ከአመዱ አንድ እንቁላል አንስተው በጥፍራቸው ቅርፊቱን ሞከሩት።

«የዛሬ ነው» አሉ።

«ትኩስ ነው፣ እሜቴ! ራሴ ነኝ የመረጥኩት።»

«ሞኝ! ትኩስ እንቁላል ተቀቅሎ ይላጣል? ትኩስ ለጥብስ ነው። የሚቀቀል እንቁላል ሰንበት ማለት አለበት፤ ያኔ ነው ቅርፊቱን የሚለቅ። ዘነቡ ጤፍ ውስጥ አላስቀመጠችም?»

«አስቀምጠው ነበር።»

«ታዲያ የት አለ?»

«በየጎረቤቱ ዶሮ ሥር ነው፣ እሜቴ።»

እንዴት እንደሆነ አስረዳኋቸው። ስጨርስ ለአፍታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጸሎት ያደረሱ መሰለኝ። «ሂድና አምጣ» አሉኝ።

መስጠት ቀላል ነበር። መልሶ መውሰድ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ዶሮዎቹ እንቁላሉን የራሳቸው አድርገው ተኝተውበታል። አንዷ ክንዴን እስኪደማ ነቆረችኝ። የእትዬ ዘነቡን ቀይ ዶሮ በአንድ እጄ አንስቼ በሌላው ሥሯን ስዳብስ፣ ከኋላዬ የሰው ድምፅ ሰማሁ። ለቅሶ ደራሾቹ ተመልሰዋል። የመንደሩ ሴት ሁሉ፣ ዓይናቸው በእንባ እንዳበጠ፣ በእትዬ ዘነቡ ጓሮ ቆመው ያዩኛል።

«ምን ልታደርጋት ነው?» አሉ እትዬ ዘነቡ።

«አሮጌውን መልሼ ልወስድ ነው፣ እትዬ፤ ትኩሱን ውብነሽ በላችው።»

እትዬ ዘነቡ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ዶሮዋን አዩ። ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው መሬት ቁጭ አሉ። ነፍሱን ይማርና ሟች ራሱ ቢያየን ይቅር የሚለን ይመስለኛል፤ ያ ሁሉ ሴት ሲያለቅስ ውሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ውሰድ፣ ውሰድ፣ ዶሮዎቹ ነገም ይጥላሉ» አሉኝ።

ቀሪውን እሜቴ አስካለ ሠሩት። እትዬ ዘነቡ ባዋሱን ድስት እንቁላሉን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ከተቱት፣ ቆንጠር አድርገው ጨው ጨመሩ፣ በኩበት እሳት ለስለስ አድርገው ጣዱት። ወናፏን ከአጠገባቸው አርቀው ውጭ አስቀመጧት። ሲበስል አውጥተው፣ ቀዝቃዛውን ውኃ ሸክላው ላይ ሳይሆን በሌላ ቅል አድርገው እንቁላሉን እዚያ ከተቱት። ሰፊውን ጫፍ ኳ አደረጉ፣ በመዳፋቸው መካከል አንዴ ዳመጥ አደረጉት፣ ውኃው ውስጥ እንዳለ ቅርፊቱን ሳቡት። እንደ ቀሚስ ወለቀ። ያ ነጭ፣ ያ ለስላሳ ነገር ሲወጣ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አራት ዓመት ጋፋት ላይ እንደዚያ ጥርት ብሎ የወጣ ነገር አላየሁም። እኔም አንድ ሞከርኩ፤ ትንሽ ጎኑ ተነካ። እሳቸው ከሌሎቹ ሥር ቀበሩት።

ቅዳሜ ልጁ ክርስትና ተነሳ። ወጡ ቀረበ፣ የክርስትና አባት እንቁላሉን አንስተው በሁለት ጣታቸው አዟዟሩት፣ «ይህ ቤት ሙያ አለው» አሉ። እልልታው ቀለጠ። ውብነሽ ሳቀችልኝ። እኔ ግን በየጉርሻው ወደ ደጅ አይ ነበር፤ ምክንያቱም ባዶዋ በቅሎ እንደታሰረች ነች፤ እሜቴ አስካለም ስለሷ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ መደቡ ላይ ተቀምጠው ልጁን አቅፈው ሳሉ ጠሩኝ። «በቅሎዎቹን ጫን።»

«ሁለቱንም?» አልኩ፤ ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ።

«ሁለቱንም።»

ጫንኩ። የባዶዋን የሆድ ጠፍር ሳጠብቅ እንባዬ ኮርቻው ላይ ይንጠባጠብ ነበር፤ ላብ ነው ብዬ የምዋሸው ሰው እንኳ አጠገቤ አልነበረም። ስመለስ ውብነሽ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ መሬት መሬት ታያለች። ጓዟን አልሸከፈችም፣ እናቷንም እምቢ አላለቻቸውም።

«ለመንገድ ምን ልቋጥርልዎ፣ እሜቴ?» አልኩ።

«ከጤፉ የተረፈ ሁለት እንቁላል አለ። ቀቅልልኝ። ራስህ ላጥልኝ።»

እትዬ ዘነቡ ባዋሱን ድስት ቀቀልኩ። እሳቱን አለሰለስኩ፣ ሠላሳውን ቀስ ብዬ ደገምኩ፣ በቅሉ ውኃ ውስጥ አበረድኩ። ሁሉን እንዳሳዩኝ አደረግሁ። ዓይኔ ግን በበሩ ወደ ጫንኳት በቅሎ ይሄድ ነበር። የመጀመሪያውን ስልጥ ጎኑ ተነቀለ፤ ላስተካክል ስል ሌላው ጎኑም ተነቀለ። ዓርብ ዕለት ካበላሸሁት ሁሉ የከፋ ሆነ። ሌላ የሚባል ነገር ስላልነበረኝ በሁለት እጄ ይዤ ሰጠኋቸው።

እሜቴ አስካለ ልጁን ለእናቱ አቀበሉና እንቁላሉን ተቀበሉኝ። አገላብጠው አገላብጠው አዩት። ቁጣ ጠበቅሁ፤ አልመጣም።

«ስድስት ጊዜ አራስ ሆኛለሁ» አሉ፣ ለማን እንደሚናገሩ ሳይታወቅ። «ባሌ ነፍሱን ይማረውና ክፉ ሰው አልነበረም። እንቁላል ግን ለሱ ልጬለታለሁ፣ ለልጆቼ ልጬላቸዋለሁ፣ ለእንግዳ ልጬለታለሁ። እስከዛሬ በዕድሜዬ ልጦ የሰጠኝ ሰው የለም።»

ነከሱት። ቀስ ብለው አላመጡት። የዓይናቸውን ጥግ በነጠላቸው ጠረግ አደረጉ።

«ውጣና የዚያችን የባዶዋን በቅሎ ኮርቻ አውርድ» አሉኝ።

ስሮጥ በሩን በግንባሬ ገጨሁት፤ አላመመኝም። ጠፍሩን ፈታሁ፣ ኮርቻውን ወረወርኩ፣ በቅሎዋን ግንባሯ ላይ ሳምኳት። ከውስጥ ውብነሽ በአንድ ጊዜ ስታለቅስም ስትስቅም ይሰማኛል። ተመልሼ ስገባ እሜቴ አስካለ ከመደቡ አልተነሱም፤ መዳፋቸውን ዘርግተው ይጠብቁኛል።

«ምን ቆመህ ታየኛለህ?» አሉኝ። «ሁለተኛውን ላጥልኝ እንጂ።»